የሼህ ይማም ለውህ

አዳራሽ ውስጥ ጭብጨባ ሲጀመር እጄን ኪሴ ውስጥ እከታለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ «ዘነበች ምቀኛ ናት፤ የሰው ውጤት ያንገበግባታል» ይሉኛል። ይበሉ። ምክንያቱን ዛሬ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ። ደስ የሚል ነገር አይደለም። መጨረሻው ላይ አንጀት የሚያርስ ነገር ይመጣል ብላችሁ የምትጠብቁ ካላችሁ፣ ከአሁኑ ብትተዉት ይሻላል።

ጊዜው ኢሕአዴግ ወንበሩ ላይ በደንብ የተደላደለበት፣ ከሚሌኒየሙ ትንሽ ቀደም ያለው ዘመን ነው። ያኔ ሁሉ ነገር «ምርጥ ተሞክሮ» ይባል ነበር። ኩሬ የቆፈረ ገበሬ ምርጥ ተሞክሮ ነው፤ ሽንት ቤት የሠራ ቀበሌ ምርጥ ተሞክሮ ነው። እኔ ደሴ ውስጥ በአንድ ሙዚየም የቅርስ ጥገና ባለሙያ ነበርኩ። ቤቴ ሆጤ ነው፤ ጠዋት ከጦሳ ተራራ በሚወርደው ብርድ እየተንቀጠቀጥኩ ወደ ሥራ እወጣለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ብራና በለስላሳ ብሩሽ አራግፋለሁ፣ የተሰነጠቀ እንጨት አጣብቃለሁ፣ ብልና ነቀዝ አድናለሁ። ከሰው ይልቅ ከዕቃ ጋር መዋል ይቀለኝ ነበር። ዕቃ አይዋሽም፣ ዕቃ አያሽቃብጥም እያልኩ የምመጻደቅ፣ ከራሴ በቀር ሥራ የሚያውቅ ያለ የማይመስለኝ ሰው ነበርኩ።

አለቃችን አቶ ጌታሁን ይባላሉ። ክፉ ሰው ናቸው ብዬ ብጀምር ይቀለኝ ነበር፤ ግን አልነበሩም። ለሠርግ የሚያዋጡ፣ ለቅሶ የሚደርሱ፣ ምላሳቸው ጤፍ የሚቆላ ሰው ናቸው። ሙዚየሙን ይወዱታል። ከሙዚየሙ ይበልጥ ግን ስለ ሙዚየሙ መናገር ይወዳሉ።

ከዕቃዎቻችን መካከል አንድ ለውህ ነበር። ለውህ የቁርዓን ተማሪዎች የሚጽፉበት፣ እጀታ ያለው የእንጨት ሰሌዳ ነው። ይሄኛው ከኮምቦልቻ ወዲያ ባለችው ደጋን የሚኖሩት የሼህ ይማም አያት ደረሳ ያስተማሩበት ነው፤ መካከሉ በእጅ ብዛት ሰርጉዷል። ሼህ ይማም ለሙዚየሙ ሲሰጡ አንድ ቃል አስገብተውናል። ከቤታቸው ሴት ምጥ ሲይዛት ለውሁን ይወስዱታል፤ ቁርዓን ይጻፍበታል፤ ጽሕፈቱ በውሃ ይታጠባል፤ ያን ውሃ ምጥ ላይ ያለችው ትጠጣለች። ከወለደች በኋላ ለውሁ ወደ እኛ ይመለሳል። ከእሳቸው አያት ጀምሮ በዚያ ቤት ያለዚያ ውሃ የተወለደ የለም።

ያን ሰሞን ከየዞኑ የሙዚየም ባለሙያዎች ኮምቦልቻ ተሰበሰቡ። «የልምድ ልውውጥ መድረክ» ተባለ። እኔ አዳራሽ እንዳዘጋጅ ቀደም ብዬ ወርጄ ነበርና ዋዜማውን ደሴ ሙዚየም ውስጥ ምን እንደተደረገ አላውቅም። ይህን ያዙልኝ።

ጠዋት ላይ ውይይቱ ደስ ይል ነበር፤ አልዋሽም። እንደኛ ያለ ሰው ችግሩን የሚያወራለት ሌላ ሰው አያገኝም። አንዱ ጣሪያው ስለሚያፈስ ጋሻዎቹ ላይ የልብስ መታጠቢያ ሳፋ እንደሚደፋባቸው ተናገረ። አንዷ ከእሷ በፊት የነበረው ሰውዬ የተቀደደ ብራና በማስቲሽ እንዳጣበቀባት እየተናገረች ዕንባዋ መጣ። አይጥ፣ ብል፣ ሌባ፣ የበጀት እጥረት። ሳቅን፣ ተሳደብን፣ ተጽናናን። ከዚያ አቶ ጌታሁን ኮታቸውን ቆልፈው መድረኩ ላይ ወጡ።

ግድግዳው ላይ ፎቶ በራ። የሼህ ይማም ለውህ ነው። በነቀዝ ተበሳስቶ፣ ከሥሩ ዱቄቱ ተከምሮ ይታያል።

«ባለሙያችን አዲስ አበባ ለሥልጠና በከረመችበት ወቅት፣ ቅርሱ ዓይናችን እያየ ሊያልቅ ነው» አሉ አቶ ጌታሁን። ባለሙያዋ እኔ ነኝ። «እጃችንን አጣጥፈን አልተቀመጥንም። ከገጠር መጋዘን ለእህል ነቀዝ የሚበተነውን መርዝ አስመጣን። በቤንዚን በጠበጥነው። እንጨቱ እምቢ እስኪል ድረስ በብሩሽ አጠጣነው። አንድ ሳንቲም የውጭ ምንዛሪ ሳናወጣ!»

ሌላ ፎቶ በራ። ለውሁ ወዝቶ ያብረቀርቃል። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ለእንጨቱ መትረፍ ነው ያጨበጨብኩት፤ ያሳከከኝ ነገር ቢኖር ሳልኖር መንካታቸውና ምን እንደቀቡት ለእኔ አለመንገራቸው ነው።

«ሁለተኛው ተሞክሯችን» ብለው ቀጠሉ፣ «ኅብረተሰቡን ባለቤት ማድረግ ነው።» ሦስተኛ ፎቶ። ሼህ ይማም ነጭ ጥምጣማቸውን እንደጠመጠሙ፣ አንድ ነገር በሁለት እጃቸው እየተቀበሉ፣ አቶ ጌታሁን በሁለት እጃቸው እየሰጡ። «ይህ ትናንት ከሰዓት ነው። የሼሁ ልጅ ምጥ ይዟት ለውሁን ሊወስዱ መጡ። በቃላችን መሠረት አስረከብናቸው። ዛሬ ጽፈው፣ አጥበው፣ ውሃውን ያጠጧታል። ሙዚየም ማለት ሕይወት ነው፣ ወገኖቼ!»

ይሄኛው ጭብጨባ ከፊተኛው ይበልጥ ነበር። ሰው ተነሥቶ ነው ያጨበጨበው። ከመላው ክልል የተሰበሰበ፣ ብልና ነቀዝ ሲያባርር ዕድሜውን የፈጀ ባለሙያ፣ ሁለቱንም ሰምቶ አጨበጨበ። አንዱን ከአንዱ ያገናኘ የለም። እኔም እጄ ሊያጨበጭብ ተነሥቶ ነበር፤ አየር ላይ ቀረ።

«አቶ ጌታሁን!» አልኩ፤ ጮኼ ኖሮ ሰው ሁሉ ዞረ። «ሁለቱም ፎቶ ላይ ያለው አንድ ለውህ ነው?»

«ጥያቄ በመጨረሻ ይስተናገዳል» አሉ ፈገግ ብለው።

ሻይ ሲወጣ ክንዳቸውን ያዝኩ። ነገርኳቸው። ፊታቸው ለአንድ አፍታ ሲለወጥ አየሁ፤ ገብቷቸዋል። ወዲያው ግን ዙሪያቸውን አዩ። ከክልል የመጣው ኃላፊ ሊጨብጣቸው እየመጣ ነበር።

«ደርቋል እኮ፣ ዘነበች። ሰነባብቷል። አንድ ስኒ ውሃ ምን ታደርጋለች?»

«መርዝ ነው! እንጨቱ እምቢ እስኪል አጠጣነው ያሉት እርስዎ ነዎት! ምጥ ላይ ያለች ሴት ልትጠጣው ነው። መኪናውን ይስጡኝ።»

«መኪናው እንግዶችን ለምሳ ያመላልሳል። ከምሳ በኋላ ሰይድ ያደርስሻል። ድምፅሽን ቀንሺ፣ በናትሽ።» ከዚያ ክንዳቸውን ከእጄ አላቀው ወደ ኃላፊው ፊታቸውን አዞሩ። ሲስቁ ይሰማኛል።

ሰይድ ሾፌራችን ነው፤ የደሴ ልጅ፣ ቀልደኛ። ከመኪናው ሥር ጥላ ይዞ ጋዜጣ ያነባል። ለእንግዶች ምሳ እንዳይነቃነቅ መታዘዙን ያውቃል። ነገሩን ስነግረው ጋዜጣውን እንኳ አላጠፈውም፤ መሬት ጥሎት ተነሣ።

«ግቢ» አለ። «ከሥራ ቢያባርሩኝ አህያ እነዳለሁ።»

ደጋን ስልክ ደውዬ ላስቆማቸው የምችልበት ዘመን አልነበረም። የሞባይል ስልክ ያለው ጥቂት ሹም ነው፤ እሱም ከከተማ ሲወጣ አይሠራም። መንገዱን ያዝን። ኮምቦልቻ ሙቀቱ ያፍናል፤ እኔን ግን ይበርደኛል። ትንሽ እንደሄድን ግመሎች መንገዱን ሞልተው ገጠሙን። ሰይድ ጡሩምባውን ቢነፋ፣ ቢለምን፣ ቢሳደብ፣ ግመል እንደሆነ አይቸኩል። ጎን ለጎን አንገታቸውን እያወዛወዙ ያልፋሉ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ አንድ ነገር ብቻ አስባለሁ። ቀለሙ ደርቋል? አጥበውታል? ስኒው ውስጥ ገብቷል?

«አብሽሪ፣ ዘኑ» አለኝ ሰይድ፤ ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል። «ሼሁ ሲጽፉ አይቸኩሉም። ፊደሉን አሳምረው ነው። ኢንሻ አላህ እንደርሳለን።»

የሼህ ይማም ቤት ከመንገዱ ወደ ዳገቱ፣ ከማሽላው በላይ ነው። መኪና አይደርስም። ሰይድ ከኋላዬ፣ እኔ ጫማዬን በእጄ ይዤ በማሽላው መካከል ሮጥን። ገና ሳንደርስ የዱበርቲዎቹ ድምፅ ተሰማን። ዱበርቲ ማለት ሴት ስታምጥ ተሰብስበው ዱዓ የሚያደርጉላት፣ ነቢን የሚያወድሱላት ትልልቅ ሴቶች ናቸው። ድምፁ ሳይሰበር ስለሚወርድ ደስ አለኝ፤ እስካሁን በሕይወት አለች ማለት ነው።

ሼህ ይማም በራፉ ላይ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ጎድጓዳ ጣባ፣ ለውሁም ጉልበታቸው ላይ እርጥብ እንደሆነ። አጥበው ጨርሰዋል። ቁና ቁና እየተነፈስኩ ስደርስ ቀና አሉና ፈገግ አሉልኝ። «እንኳን ደህና መጣሽ፣ ልጄ። ልጅቷን ልትጠይቂ ከደሴ መጣሽ? አላህ ይስጥሽ።»

«ውሃው! ሼህ ይማም፣ ውሃው የት አለ?»

«እናቷ ይዛላት ገባች።»

ገባሁ። ጨለማ ነው፤ ዓይኔ እስኪለምድ ሴቶች ብቻ ይታዩኛል። የሼህ ይማም ልጅ ዘይነባ ምሰሶውን ይዛ፣ በእናቷ በእማ መዲና ትከሻ ላይ ተደግፋለች። የመጀመሪያ ልጇ ነው። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ስኒው አፏ ላይ ደርሷል። «አትጠጪ!» ብዬ ጮህኩ፤ በዱዓው መካከል የሰማኝ የለም። ስኒውን በእጄ መታሁት። ሩጫና ጩኸት ያለበት ሰው እጅ ነውና ስኒው ብቻ አልነበረም የተመታው፤ ዘይነባ አገጯን ያዘች።

ዱዓው ተቋረጠ። ውሃው ጥቁር ሆኖ ምንጣፉ ላይ ሲሰምጥ ሁላችንም አየነው።

እማ መዲና በጥፊ አጮሉኝ። ትክክል ነበሩ፤ እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን እመታለሁ። ከሴቶቹ አንዷ «ክርስቲያን ስለሆነች ነው፤ የኛ ቁርዓን ምኗ ነው!» አለች። ከውጭ የሼህ ይማም ድምፅ መጣ። «ዝም በይ! በቤቴ ሃይማኖት አይነሣም። ልጄ፣ ውጪና ምን እንደሆንሽ ንገሪኝ።»

ዘይነባ ግን አልተቆጣችም። ምንጣፉ ላይ ያለውን ጥቁር እርጥበት እያየች ነበር። ጠዋት ሙሉ ያን ውሃ ስትጠብቅ ቆይታለች።

ወጥቼ ነገርኳቸው። ለነቀዝ የሚበተነው መርዝ እንጨቱ ውስጥ ጠልቆ እንደገባ፣ ሲታጠብ ከቀለሙ ጋር እንደሚወጣ፣ አቶ ጌታሁን ራሳቸው ዛሬ በአደባባይ እንደተናገሩ። ሰይድ ወላሂ ብሎ ማለልኝ። ሼህ ይማም እስክጨርስ ሰሙኝ፤ የሰው ንግግር አያቋርጡም።

«ልጄ፣ ጌታሁን ትናንት በሁለት እጁ ነው የሰጠኝ። ለማን እንደምወስደው፣ ለምን እንደምወስደው ነግሬዋለሁ። መርዝ ቢሆን ዝም ይለኛል? እንጀራ አብረን የበላን ሰዎች ነን።»

«አላስታወሱም፣ ሼህ ይማም። ረስተውት ነው።»

«መርዝ ይረሳል?»

እኔም ራሴ አሁን ድረስ ይገርመኛል።

«አሁን እሱን ተዉት» አልኩ። «መኪና አለን። ወደ ሐኪም እንውሰዳት።»

«እንወስዳታለን። መጀመሪያ ውሃዋን ትጠጣ። ለውሁን ስጪኝ፤ በደንብ ላጥበውና እንደገና ልጻፍ።»

ያኔ ነው ለውሁ እጄ ላይ መሆኑን ያየሁት። መቼ ከጉልበታቸው ላይ እንዳነሣሁት አላውቅም፤ ደረቴ ላይ አቅፌዋለሁ። «አልሰጥም» አልኩ። «በሳህን ላይ ይጻፉ። በሌላ ሰሌዳ ይጻፉ።»

«እኔም አባቴም በዚህ ለውህ ውሃ ነው የተወለድን። ይህቺም። በሳህን ሳይሆን በዚህ።» ድምፃቸው አልጨመረም። «ያለሱ ከደጄ ብትወጣ መንገድ ላይ አጣታለሁ። አውቃለሁ።»

ቆምን። እኔ አልሰጥም፤ እሳቸው አትወጣም። ይህ ነው እንግዲህ። ነገሩ ባጭሩ ያለቀ አይምሰላችሁ። ጥላው ከበራፉ ተነሥቶ ግቢው መካከል እስኪደርስ ድረስ ተከራክረናል። ሰይድ እግራቸው ላይ ወደቀ። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ «ይቀሟት» አለ፤ ሼህ ይማም «ሴት ላይ እጅ አይነሣም» ብለው ከለከሉልኝ። ከውስጥ የዘይነባ ጩኸት ይመጣ ነበር፤ እየቆየ ጩኸቱ አነሰ። የጩኸት ማነስ መልካም ነገር አይደለም። ይህን ከእኔ ይልቅ እማ መዲና ያውቁታል።

በመጨረሻ ከውስጥ እሳቸው ናቸው የወጡት። እጃቸው ደም ነክቷል። ባላቸውን አላዩአቸውም፤ እኔንም አላዩኝም። «ቃሬዛ አምጡ» አሉ። ሼህ ይማም ዘወር አሉና ራሳቸው የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ያዙ።

በማሽላው መካከል አወረድናት። ኋላ ወንበር ላይ እኔ ለውሁን ከጎኔ አኑሬ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አደረግኩ፤ እማ መዲና እግሯ ዘንድ ተቀመጡ። ሼህ ይማም ከፊት፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እኔ «ማርያም፣ ማርያም» እላለሁ፤ እማ መዲናም አብረውኝ «ማርያም ትድረስልሽ» ይላሉ። በኛ አገር ምጥ ላይ ማርያምን የማይጠራ የለም።

ኮምቦልቻ ጤና ጣቢያ አይተዋት «ከእኛ አቅም በላይ ነው፣ ባስቸኳይ ደሴ» አሉን። ስንወጣ የከተማው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡሩምባ ተነፋ። የዘይነባ ባል እዚያ ውስጥ ፈረቃ ላይ ነበር፤ ቆመን የምናስጠራበት ጊዜ አልነበረንም። ከዚያ በአዳራሹ በር ማለፍ ግድ ነው። ባለሙያዎቹ ምሳ በልተው ወጥተው ለፎቶ ተሰልፈዋል፤ ረጃጅሞቹ ከኋላ፣ አቶ ጌታሁን ከመካከል። መኪናዋን ሲያዩ እጃቸውን አወናጨፉ፤ «የት ወሰዳችኋት!» መሆኑ ከከንፈራቸው ይነበባል። ሰይድ ፍጥነቱን ጨመረ።

ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎ ዳገት ስንጀምር ዘይነባ ዓይኗን ገለጠች። ከታች ሆና ፊቴን አየችው።

«እት» አለችኝ፤ ስሜን አታውቀውም። «እውነት መርዝ ነበረው?»

«ማርያምን» አልኳት።

ሞተሩ ዳገቱ ላይ ያቃስታል። ከዚያ አባቷ እንዳይሰሙ አድርጋ፣ «እንግዲያው አባባ አይመንሽ» አለች። «ምንም ቢሆን፣ እሱ አይመንሽ።»

ያኔ ምን ለማለት እንደፈለገች አልገባኝም። ሕመሙ ያስቀባጠራት መሰለኝ። ጭንቅላቷን እያሻሸሁ «እሺ» አልኳት። መንገዱ ከአንዱ ጥምዝ ወደ አንዱ ጥምዝ ሲዞር፣ ደሴ ገና ሳትታየን፣ እጇ እጄ ላይ ከበደ። እማ መዲና አላለቀሱም። ጎንበስ ብለው የልጃቸውን ሆድ በሻሻቸው ሸፈኑት፤ ሕፃኑም ውስጥ ቀረ። ሼህ ይማም ሳይዞሩ «ሰይድ፣ መልሰን» አሉ።

ሰይድ ከሥራ ተባረረ፤ «ያለ ፈቃድ ንብረት በማንቀሳቀስ» ተባለ። እኔን በግምገማ ወንበር ላይ አስቀመጡኝና የሙዚየሙን ገጽታ ያበላሸሁ፣ የኅብረተሰቡን እምነት የደፈርኩ ተባልኩ። አዳራሽ ውስጥ አብረውኝ ከነበሩት ባለሙያዎች ጥቂቶቹ ቃላቸውን እንዲሰጡልኝ ለመንኳቸው። ጠዋት ስለ ብራናዋ ያለቀሰችው ሴት እንኳ እንዲህ አለችኝ፦ «ዘነበችዬ፣ እኛም ያን መርዝ ማስመጣት ጀምረናል። አታስነኪብን።»

የሐዘኑ ጊዜ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ሼህ ይማም ሙዚየሙ መጡ። አርጅተዋል። አቶ ጌታሁን ቢሮ ተጠራሁ። ሼህ ይማም አልተቀመጡም።

«አንድ ነገር ልጠይቅ ነው የመጣሁ» አሉ። «ለውሁ መርዝ ነበረው?»

«በፍጹም!» አሉ አቶ ጌታሁን። «ሼህ ይማም፣ እኛ ቅርስ ላይ መርዝ እናደርጋለን? በንጹሕ ዘይት ነው የጠረግነው። ዘነበች በራሷ ስሜት ተነሣሥታ ነው ያን ያደረገችው።»

ሼህ ይማም ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። ጥላቻ ይሆናል ብዬ ነበር የጠበቅሁ። አልነበረም። ልመና ነበር። «ንጹሕ ነው በይኝ» ይል ነበር ዓይናቸው። የዘይነባ ቃል ያን ሰዓት ገባኝ። ውሃው ንጹሕ ከነበረ ልጃቸውን የገደልኳት እኔ ነኝ፤ ይረግሙኛል፣ ያለቅሳሉ፣ ይኖራሉ። መርዝ ከነበረ ግን፣ እኔ እውነቴን ነው፤ ያ ሁሉ ክርክር፣ ያ ጥላ ግቢው መካከል እስኪደርስ ያለፈው ጊዜ፣ የእሳቸው ነው። ዘይነባ ሐረጎ ላይ ሆና፣ ነፍሷ እየወጣች፣ ይህን አይታዋለች።

ስለዚህ ዝም አልኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐሰት ሲነገር ሰምቼ አንገቴን ደፋሁ። ገዳይ ልባል ፈቀድኩ።

ሼህ ይማም በረጅሙ ተነፈሱ። ወደ በሩ ሄዱ። መያዣውን ከያዙ በኋላ ቆሙ። ምን እንዳስቆማቸው አላውቅም፤ ምናልባት የእኔ አንገት መድፋት ነው።

«እንግዲያው ለውሁን አምጪልኝ፣ ልጄ» አሉ። «ውሃም አምጪ።»

አመጣሁ። ምን ላድርግ? ለውሁን በቀኝ እጃቸው ዘንበል አድርገው ውሃ አፈሰሱበት። ብርጭቆ ውስጥ ወረደ። ጠቆር አለ። ብርጭቆውን ለአቶ ጌታሁን በሁለት እጃቸው አቀረቡላቸው፤ ልክ ፎቶው ላይ እንደነበረው።

«ንጹሕ ከሆነ ይጠጡልኝ። በልጄ ነፍስ ይጠጡልኝ፣ አቶ ጌታሁን። ከጠጡልኝ ሌላ ምንም አልጠይቅዎት።»

አቶ ጌታሁን ብርጭቆውን ተቀበሉ። እኔ በልቤ «ጠጣው» እላለሁ። አዎ፣ እንዲህ ነው ያልኩት። ለአንድ አፍታ እጄን ዘርግቼ ቀምቼ ልጠጣው ቃጣኝ። እሳቸው ወደ አፋቸው አስጠጉት። ሽታው አፍንጫቸው ጋ ሲደርስ ፊታቸውን መለሱ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ጨጓራዬን... ጨጓራዬን ያመኛል፣ ሼህ ይማም።»

ሼህ ይማም ብርጭቆውን አዩት። ከዚያ ወደ እኔ መጥተው፣ እማ መዲና በጥፊ የመቱኝን ጉንጬን በመዳፋቸው ነኩት።

«እውነትሽን ነበር» አሉ። «እንዲያ ከሆነ በር ላይ የዘጋሁባት እኔ ነኛ።»

ወጥተው ሄዱ። ለውሁን አልወሰዱም። በሚቀጥለው ክረምት ማረፋቸውን ሰማሁ፤ ደጋን ለመሄድ ወኔ አላገኘሁም።

አቶ ጌታሁን ወደ ላይ አደጉ። መርዙ «ምርጥ ተሞክሮ» ሆኖ በየዞኑ ተበተነ። እኔ አሁን ሌላ ከተማ ነኝ፤ ሥራዬ ያው ነው፤ ሰውዬዋ ግን ያቺ አይደለሁም። ዕቃ ሲመጣልኝ ዕድሜውን ከመጠየቄ በፊት «ማን ይስመዋል? ማን ይጠጣበታል? ማን ልጁን ያስነካዋል?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልስ ካለው አልነካውም፤ ነቀዝ ይብላው። ለዚህም «ባለሙያ ሆና ቅርስ ታስበላለች» ይሉኛል። እናንተ አንባቢዎቼ ግን አንድ ነገር ንገሩኝ፤ ስንት ዓመት ሳሰላስለው ኖሬያለሁ። ያን ብርጭቆ «ንጹሕ ነው» ብዬ ቀምቼ ብጠጣው ኖሮ ለሼህ ይማም መልካም አደርግላቸው ነበር፣ ወይስ ሌላ ሐሰት እጨምርባቸው ነበር?

ባለፈው ለሥራ ደሴ ሄጄ መጋዘን ገብቼ ነበር። ብራናዎቹን ብል እየበላቸው ነው፤ ጋሻዎቹ ቆዳቸው ተልጧል፤ አንድ የአልጋ እግር በነቀዝ አልቆ ዱቄት ሆኗል። የሼህ ይማም ለውህ ብቻ መደርደሪያው ላይ እንዳማረበት ተቀምጧል። አገላብጬ አየሁት። አንድም አዲስ ቀዳዳ የለበትም።